ሁለት መንገድ ወደ ደንገጎ

ድሬዳዋ ላይ አንገቱን ቀና ያደረገ ሰው ሁሉ ተራራ ያያል። ከቤቴ በር፣ ከትምህርት ቤቱ መስኮት፣ ከባጃጅ ውስጥ ሆነው ቢያዩት በስተደቡብ እንደ ግድግዳ ቆሟል። እኛ የድሬ ሰዎች ግን ወደዚያ የምናየው ደመና ለመፈለግ ነው። ደጋው ላይ ከዘነበ ደቻቱ ይሞላል። ደቻቱ ከተማዋን ለሁለት የሚከፍል፣ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ የሚከርም፣ ወንዝነቱ አንዳንድ ቀን ብቻ ትዝ የሚለው ወንዝ ነው። ከዚህ ውጪ ከተራራው ጋር ጉዳይ የለንም። መሻገር ያለበት ሰው ሚኒባስ ይሳፈራል፤ መጋረጃውን ይስባል፤ እንቅልፉን ይለጥጣል፤ አናቱ ላይ ያለችው ደንገጎ ሲደርስ ነቅቶ "ኧረ ብርዱ!" ይላል።

እኔም መጋረጃ ከሚስቡት አንዷ ነኝ። ይህን ሆኜ ነው እንግዲህ አስራ ዘጠኝ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩት። ስምጥ ሸለቆው እንዴት እንደ ሰመጠ፣ አፋፉ እንዴት እንደ ቀረ፣ ዝናቡ ለምን እነሱ ጋ ዘንቦ እኛ ጋ እንደሚቀር በጠመኔ ስዬ አሳያለሁ። ስዕሌ ያምራል። ቀኝ እጄ ያን አፋፍ ስንት ጊዜ ወጥቶ ወርዷል፤ እግሬ ግን አንድም ቀን።

አንድ ቀን ከፊት የምትቀመጥ ተማሪ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ በእግርሽ ወጥተሽው ታውቂያለሽ?"

"ስንት ጊዜ!" አልኳት።

"በየት በኩል?"

"በ... በተለመደው በኩል።"

ደወሉ አዳነኝ። ውሸቱ ግን ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ መጣ።

ለባለቤቴ ነገርኩት። ያጽናናኛል ብዬ ነበር። ባለቤቴ አያቱም አባቱም ባቡር ላይ የሠሩ ሰው ነው፤ እሱ ራሱ የአንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ቢሆንም፣ ጎማ ያለው ነገር በተነሳ ቁጥር "እኔ የባቡር ልጅ ነኝ" ማለት ይወዳል። በረንዳችን ላይ ቀይ ሳይክል አለችው። በየጠዋቱ አብሷት ዳቦ ቤት ድረስ ይነዳታል፤ ዳቦ ቤቱ አምስተኛው በር ነው።

"እኔ በወጣትነቴ በሳይክል ደንገጎ ወጥቼ፣ ሻይ ጠጥቼ፣ ለምሳ እመለስ ነበር" አለኝ።

ይህን ወሬ በትዳራችን ሃያ ሁለት ዓመት ሰምቼዋለሁ። በየዓመቱ ዳገቱ እያጠረ፣ ሻዩ እየጣፈጠ ሄዷል።

ይህን ስንነጋገር ጎረቤታችን በረንዳው ላይ ነበረች። መጋላ ሰፈር ውስጥ ጨርቅና ሻሽ የምትሸጥ፣ በዕድሜ አስራ አራት ዓመት ያህል የምትበልጠኝ ሶማሌ ናት። እኔ "አባዮ" እላታለሁ፤ በሶማሊኛ "እህቴ" እንደማለት ነው። ድሬ አንቱታ አይበዛባትም። እሷ ደግሞ "መምህር" ትለኛለች። አማርኛዋ ፈጣንና የሚያስቅ ነው፤ ወንድና ሴት ግን አይለይም። እኔን "አንተ" ትለኛለች፤ ባለቤቴን "አንቺ"። የእኔ ሶማሊኛ ከስድስት ቃል ስለማያልፍ አርሜያት አላውቅም።

"ደንገጎ በእግር?" አለች። "እኔ እወስድሃለሁ።"

"መንገዱን ታውቂዋለሽ እንዴ?"

"ትንሽ ትንሽ።"

ባለቤቴ ሳቀ። "ሁለት አሮጊቶች! በሉ እናንተ በእግር፣ እኔ በአስፋልቱ በሳይክል። ቁርስ አዝዤ እጠብቃችኋለሁ።"

"ሀየ" አለች ጎረቤቴ፤ እሺ ማለቷ ነው። "እንቁላል እዘዢልን።"

በእሁዱ ማለዳ፣ እሷ የጠዋት ሶላቷን ሰግዳ እንደ ጨረሰች ተነሳን። እኔ አዲስ የስፖርት ጫማ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ የፀሐይ ቅባት፣ አትሜ ያመጣሁት ካርታና እርምጃ የሚቆጥር ስልክ ይዣለሁ። እሷ በሰፊው ሽቲ ቀሚሷ ላይ ሻሿን ጣል አድርጋ፣ ነጠላ ጫማ ተጫምታ፣ በፌስታል የተጠበሰ ባጊያና ተምር፣ በብብቷ ፔርሙዝ ይዛ መጣች። ከላይ እስከ ታች አየችኝና "ሁርሶ ማሠልጠኛ ወታደር ልትቀጠር ነው?" አለችኝ።

አስፋልቱ መጠማዘዝ ከሚጀምርበት አካባቢ በባጃጅ ደረስን። ባለቤቴ ቀድሞን ደርሶ ቆሟል። ሱሪውን ካልሲው ውስጥ ከትቷል። የሳይክሏን ደወል ጭርርር አድርጎ ተነሳና ሳይዞር እጁን አውለበለበልን። ቢዞር ይወድቅ ነበር።

እኛ ወደ ቀኝ፣ ደረቅ ቦይ ውስጥ ገባን። ካርታዬ ላይ እዚያ ቦታ ምንም መንገድ የለም። ጎረቤቴ ግን ኩሽናዋ ውስጥ እንደምትመላለስ ሰው ነው የምትሄደው፤ መታጠፊያ ሲመጣ ቀና ብላ እንኳ አታይም። እኔ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት እንደ ጀግና ሄድኩ። ከዚያ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ መምታት ጀመረ። በየሃያ እርምጃው ቆሜ "ይሄ እኮ የኖራ ድንጋይ ነው" እላለሁ፤ ትንፋሽ ለመግዣ። ያን ጠዋት ያላደነቅኩት ድንጋይ የለም። እሷ አትፈጥንም፤ አትዘገይም፤ አትቆምም።

"መምህር፣ አትሩጥ" አለችኝ። "ተራራው የትም አይሄድም።"

ቁልቋሉና ግራሩ መሀል ሦስት ሴቶች ወተትና ማገዶ ተሸክመው ሲወርዱ አገኘናቸው። ጎረቤቴ በኦሮምኛ ሰላም አለቻቸውና ወሬው ተጀመረ፤ ጤና፣ ከብት፣ ዝናብ፣ ልጆች። እኔ ድሬ ተወልጄ አርባ ስምንት ዓመት ኖሬ፣ ኦሮምኛዬ ቲማቲም ከመግዛት አያልፍም። ቆሜ ፈገግ አልኩ። አንደኛዋ ጫማዬን እያየች የሆነ ነገር ጠየቀች፤ ጎረቤቴ መለሰችላት፤ ሦስቱም ከንፈራቸውን መጠጡልኝና ሄዱ።

"ምን አሉ?"

"መኪና ተበላሽቶባችሁ ነው ወይ አሉኝ።"

"ምን አልሻቸው?"

"የታመመ ዘመድ ልንጠይቅ ነው አልኳቸው።"

"ለምን ትዋሻለሽ? ለመዝናናት ነው አትያቸውም?"

"እውነቱን ብነግራቸው የባሰ ያዝኑልሃል" አለችኝ።

ሁለት ሰዓት ያህል እንደ ወጣን፣ ከአለቱ ሥር ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ደረስን። ዞር ስል ትንፋሼ ቀጥ አለ፤ በዚህ ጊዜ ከድካም አልነበረም። ከተማዋ በሙሉ እግሬ ሥር ተዘርግታለች። ደቻቱ ነጭ ሆኖ መሀሏን ሰንጥቋታል፤ በአንድ ወገን የከዚራ ሰፈር ዛፎች፣ በሌላው የመጋላ ጣራዎች። ከዚያ ወዲያ ሜዳው፣ ቡናማ፣ ከዚያም ሰማያዊ፣ ከዚያም ሰማይ ይሁን ምድር የማይለይ ጭጋግ። አስራ ዘጠኝ ዓመት የሳልኩት ነገር ሁሉ እዚያ ነበር፤ ካሰብኩት በላይ ትልቅ፣ ካሰብኩት በላይ ጸጥ ያለ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሆኖም አስተማሪ ነኝና እጄን ዘርግቼ ጀመርኩ።

"አየሽ አባዮ፣ ይሄ ሁሉ በአንድ ወቅት ከእኛ ጋር እኩል ከፍታ ነበረው። ከዚያ መሬቱ ተሰነጠቀና ያኛው ወገን ሰመጠ። እኛ የቆምንበት ደግሞ..."

"እኛ የቆምንበት" አለች ጎረቤቴ ፔርሙዙን እየከፈተች፣ "እኔ ሁለት ጣቃ ጨርቅ የጣልኩበት ነው።"

እጄ በአየር ላይ ቀረ።

ሻይ ቀዳችልኝና፣ የሌላ ሰው ታሪክ የምትነግረኝ ይመስል ረጋ ብላ ነገረችኝ። ልጅ እግር ሳለች፣ ከጠረፍ የመጣውን ጨርቅ እሷና ሌሎች ሴቶች ሰውነታቸው ላይ ጠምጥመው፣ ሽቲ ደርበውበት፣ በዚህች ዱካ ወደ ደጋ ያሻግሩ ነበር። አስፋልቱ ላይ የጉምሩክ ኬላ ስለነበረ ነው ይህ ሁሉ።

"ስወጣ ወፍራም ነኝ፤ ስመለስ ቀጭን" አለች። "ባሌ እንኳን ትክክለኛ ውፍረቴን የሚያውቀው ማታ ነበር።"

እኔ አልሳቅኩም። አባቴ የዚያ ኬላ ጠባቂ ነበር።

ከጎረቤቴ ጋር አስራ አምስት ዓመት ስንኖር ይህን ነግሬያት አላውቅም። አባትሽ ምን ይሠራ ነበር ስትለኝ "የመንግሥት ሠራተኛ" ነበር የምላት። ስለ ኮንትሮባንድ በተነሳ ቁጥር ተነስቼ ምጣድ የጣድኩ አስመስዬ ወደ ጓዳ የገባሁበት ጊዜ አለ። አሁን ጓዳ የለም፤ ገደል ብቻ ነው።

"አንድ ረጅም ጠባቂ ነበር" አለች። "ሌሎቹ ያፏጫሉ፣ ይጮሃሉ፤ እሱ ዝም ብሎ ይሮጣል። ሲሮጥ ቆቡን በእጁ ይይዛል።"

አባቴ ለአውቶቡስም ሲሮጥ ቆቡን በእጁ ነበር የሚይዘው።

"አባዮ" አልኩ። "አባቴ እኮ..."

"አውቃለሁ።"

"ምኑን ነው የምታውቂው?"

"ፎቶው ሳሎንህ ውስጥ ተሰቅሏል። የልጅህ ክርስትና ቀን ጠርተኸኝ ስገባ አየሁት። ወላሂ፣ ያን ቀን ምግብ አልወረደልኝም።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንተስ ለምን አልነገርከኝም?"

ከታች የሆነ መኪና ጥሩንባ ነፋ። እንግዲህ ሰው ነኝና፣ አባቴን ለማዳን አንድ ሙከራ አደረግኩ።

"ዓይቶሽ እንዳላየ አለፈሽ አይደል?"

"አላለፈኝም!" አለች፤ ተቆጣች ማለት ይቻላል። "ከዚያ ከታች ከግራሮቹ ጀምሮ እዚህ ድረስ አሳደደኝ። የመጀመሪያ ልጄን የስድስት ወር እርጉዝ ነበርኩ። እዚህ ስደርስ አልቻልኩም፤ ጨርቁን ፈትቼ ጣልኩና እዚያ ላይ ወጣሁ።" ከጭንቅላታችን በላይ ያለውን አለት በአገጯ አሳየችኝ። "እሱ ጨርቁ ጋ ደረሰና ተቀመጠ። ደረቱን ይዟል። መናገር አቅቶታል። እኔም መሄድ አቅቶኛል። እንደ ሁለት ፍየል ቁጭ ብለን ተያየን።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ሆዴን አየው። ኮዳውን አወጣና 'ጠጪ' አለኝ። 'አልወርድም፤ ትይዢኛለሽ' አልኩት። ትንሽ አሰበ። ኮዳውን ድንጋይ ላይ አስቀመጠ፤ ጨርቁን ተሸከመና ወረደ።"

"ውሃውን ጠጣሽው?"

"ኮዳውንም ወሰድኩት እንጂ!"

የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ አባቴ አንድ ቀን ያለ ኮዳ ወደ ቤት መግባቱ ትዝ አለኝ። ጅብ ወሰደብኝ አለን። ማንገቻው ቆዳ ስለነበር ነው፣ ጅብ ቆዳ ይወዳል አለን። አለቆቹም በዚሁ ተቀብለውታል መሰለኝ። እኛ ልጆቹ ያን ጅብ ዓመት ሙሉ ስንጫወትበት ከረምን፤ ውሃ ጠምቶት ይሆናል እያልን። ይባስ ብዬ እኔ ራሴ ስለ አካባቢያችን አራዊት ሳስተምር እንደ ምሳሌ ጠቅሼዋለሁ።

ልንገራት ወይስ ልተወው ብዬ አመነታሁ። ነገርኳት።

ሻዩ ከእጇ እስኪደፋ ሳቀች። "ጅቡ እኔ ነኛ!" አለች። "ኧረ አቦ! አርባ ዓመት ሙሉ ጅብ ሆኜ!" እኔም ሳቅኩ፤ ስስቅ ደግሞ ማልቀሴን አወቅኩት። እሷ እንዳላየች ሆነች፤ ተምር ሰጠችኝ።

"ኮዳውስ የት አለ?" አልኳት በኋላ፤ የሆነ ቦታ በክብር ተቀምጦ ይሆናል ብዬ።

"ልጆቼ ትምህርት ቤት ውሃ ይዘውበት ሄዱ። ከዚያ ቀዳዳ ሆነ። ጣልኩት። ምን ላድርገው፣ ሙዚየም ላስገባው?"

ጨርቁ ምን ዓይነት እንደነበረ ጠየቅኳት። ቀይ አበባ ያለበት፣ መደቡ ነጭ፣ አለች። ከዚያ እስከ አናቱ ድረስ ስወጣ፣ አባቴ ቤት አምጥቶት ይሆን እያልኩ ልጅነቴን በሙሉ ፈተሽኩት፤ የእናቴን ቀሚስ፣ የእህቶቼን የበዓል ልብስ፣ የመስኮቱን መጋረጃ። ቀይ አበባ አላገኘሁም። ባለማግኘቴ ደስ አለኝ፤ ደስ ማለቱም አላስተማመነኝም።

የጫት እርከኖቹን አልፈን አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ንፋሱ እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ፊቴ ላይ ተደፋ። ስልኬ የእርምጃዬን ቁጥር ሊነግረኝ ሞከረ፤ ባትሪው አለቀ። መንገድ ዳር ያለ ሻይ ቤት ገባን። ቀይ ሳይክል የለም። የታዘዘ እንቁላልም የለም።

እኛው አዝዘን በላን። አንድ ሰዓት ጠበቅን። መጀመሪያ ሳቅን፤ ከዚያ መሳቁን ተውነው። ያን መንገድ የሚያውቅ ሰው ጫት ጭነው ቁልቁል የሚበሩትን አይሱዙዎችም ያውቃል። በጎረቤቴ ስልክ ደወልን፤ አያነሳም። ተነስቼ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቆምኩ። የትዳር ዘመኔን በሙሉ የቀለድኩበት የዳቦ ቤት ጉዞ ትዝ ብሎኝ ለመጀመሪያ ጊዜ አላሳቀኝም።

ሽቅብ የሚመጣ አንድ አይሱዙ ፊታችን ቆመ። ከኋላው፣ በባዶ የቲማቲም ሳጥኖች መሀል፣ ባለቤቴ ሳይክሉን እንደ ሕፃን አቅፎ ተቀምጧል።

ቀስ ብሎ ወረደ። "ጎማው ፈነዳብኝ" አለ።

ጎረቤቴ ጎንበስ ብላ ጎማውን በሁለት ጣቷ ጫን ጫን አደረገችው። "ጎማሽ ደህና ነው" አለችው።

"ካቴናውን ማለቴ ነው።"

ካቴናው ቦታው ላይ ነበር፤ በደንብ ተቀብቶ። በዚህ መሀል ሾፌሩ ማንም ሳይጠይቀው በመስኮት አንገቱን አወጣ። "እህቴ፣ ይሄን ሰውዬ ሦስተኛው ኩርባ ላይ ጥላ ሥር ተኝቶ ነው ያገኘነው። የሞተ መስሎን ነው የቆምነው" አለኝና ሄደ።

ደንገጎ እስኪደረስ ኩርባው ስንት እንደሆነ ቆጥሬ አላውቅም። ሦስተኛው ግን መጀመሪያው አካባቢ እንደሆነ ለማወቅ ጂኦግራፊ መማር አያስፈልግም።

ያዘዝንለትን እንቁላል በላ። ሻዩ ሲመጣ፣ ብርጭቆውን እያየ፣ "ያኔም እኮ የመኪና ኋላ ይዘን ነበር የምንወጣው" አለ። "ሁላችንም። ፔዳል የረገጠ አልነበረም።" ትንሽ ቆየና፣ "ሻዩን ግን እንጠጣ ነበር" ብሎ ጨመረ።

ለአንዲት ልጅ "በተለመደው በኩል" ብዬ የዋሸሁ ሴት ምን ልለው እችላለሁ? ትከሻውን ቸብ አደረግኩት። ጎረቤቴ ግን እንደ ነጋዴ ነው የምትፈርደው። "ቅድም 'አሮጊት' ያልሽው ማንን ነበር?" አለችው።

ስንመለስ ሚኒባስ ተሳፈርን፤ ሳይክሏ ጣራ ላይ ታሰረች። ዝንጀሮዎቹ መንገድ ዳር ተደርድረው ሲያዩን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መጋረጃውን አልሳብኩም። ትላልቆቹን ኩርባዎች ጨርሰን መንገዱ ረገብ ሲል ገመዱ ላላና ሳይክሏ በመስኮቱ በኩል ተንጠለጠለች። ሾፌሩ አቆመ፤ "ወይ ሳይክሉን ወይ እናንተን" አለ። የባለቤቴ ባቶች ተኮማትረው መርገጥ አቅቶታል። ጎረቤቴ በሕይወቷ ሳይክል አልነካችም።

"እኔ ልውሰዳት" አልኩ።

ሳይክል የለመድኩት በአስር ዓመቴ፣ ከዚራ ውስጥ፣ ዛፍ በተተከለባቸው ቀጥ ያሉ መንገዶች ላይ ነበር። ጡቴ ሲወጣ በቃሽ ተባልኩና አበቃ። አሁን ባርኔጣዬን አንገቴ ላይ አጥብቄ ተቀመጥኩባት። የመጀመሪያዎቹን ሜትሮች እንደ ሰከረ ሰው ሄድኩ። ከዚያ ቁልቁለቱ ተቀበለኝ። ከታች የሚመጣው የድሬ ሙቀት ፊቴን ዳሰሰኝ፤ ከንግግር ውጪ የሆነ ድምፅ ከአፌ ወጣ። ሚኒባሱ አልፎኝ ሲሄድ የጎረቤቴ ራስ በመስኮት ወጥቷል። "መምህር! ፍሬን ያዝ! ፍሬን!" ባለቤቴ ከጎኗ ሆኖ የሳይክሏን ስቃይ እያሰበ ዓይኑን በእጁ ሸፍኗል።

ፍሬን ይዣለሁ። ይዤም ባጃጅ ተራው አጠገብ በጣም ፈጥኜ ደረስኩ። ወጣቶቹ ከመንገዱ ዘለው እየወጡ፣ "አቦ ማዘር፣ ቀስ!" ብለው ጮኹ። ማዘር ስባል ያ ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን አዝን ነበር።

ነገሩ ከዚህ በኋላ እንዳሰብነው አልሆነም። ባለቤቴ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ "ባለፈው ደንገጎ ሳይክል ይዘን ወጥተን" ብሎ መናገር ጀምሯል፤ ቃል በቃል ሲታይ ውሸት የለበትም። ጎረቤቴ ደግሞ ታሪኩን መጋላ ውስጥ ለጠየቃትም ላልጠየቃትም አወራችው፤ ጅቡን ጨምራ። በወሩ ከአዲስ አበባ የመጡ፣ በሳምንቱ መጨረሻ ተራራ የሚወጡ ወጣቶች ሱቋ ድረስ መጥተው መንገዱን እንድታሳያቸው ለመኗት። ሁለት ጊዜ ወሰደቻቸው።

"ድሮ በዚያ መንገድ ስሄድ ያሳድዱኝ ነበር" አለችኝ ስትመለስ። "አሁን ፎቶ ያነሱኛል። እንደገና ተመለሽ፣ እንደገና ውጪ ይሉኛል፤ አንዴ የወጣሁትን!"

ሦስተኛውን ጊዜ ጉልበቴን አመመኝ ብላ እኔን ላከችኝ። ሰባት ነበሩ፤ ሁሉም የእኔ ዓይነት ጫማ አላቸው። ጠፍጣፋው ቦታ ላይ ስንደርስ ስለ ስምጥ ሸለቆው አስረዳኋቸው፤ ጥሩ አድርጌ አስረዳሁ። አንዷ ወጣት የተቀመጠችበትን ድንጋይ እየዳበሰች፣ "ይሄን የመሰለ መንገድ መጀመሪያ ያገኘው ማነው?" አለችኝ።

"ነጋዴዎች" አልኳት።

"ምን ዓይነት ነጋዴዎች?"

"ወፍራም ወጥተው ቀጭን የሚመለሱ" አልኳት። ስለ አካል ብቃት ያወራሁ መስሏት ራሷን ነቀነቀችና፣ ቀና ብላ አለቱን ፎቶ አነሳችው።